በሩ ከበረዶ በታች ነው

መጀመሪያ ያየሁት ጭሱን ነበር። ወሩ ጥር ነው። በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ካለችው ከሴንት ፖል ከተማ ወደ ሰሜን አራት ሰዓት ያህል ነድተን፣ በጥድና በበርች ዛፎች የተከበበ ትንሽ ሐይቅ ዳር ቆመናል። ብርዱ ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ነው፤ ሽፋሽፍት ላይ ውርጭ የሚያንጠለጥል ብርድ። ሐይቁ ነጭ ሜዳ ሆኗል። ከዳሩ አጠገብ በረዶ የለበሰ ክምር ይታያል፤ ከርቀት ላየው ሰው አውድማ ዳር የቆመ የገለባ ክምር ይመስላል። ከክምሩ አናት ላይ ቀጭን ነጭ ነገር ይወጣል፤ ይበተናል፤ እንደገና ይወጣል።

ባደግሁበት መንደር ማለዳ ከጎጆ ክዳን ላይ ጭስ ሲወጣ ያየ ሰው ሌላ ምልክት አይፈልግም። እሳት ተያይዟል፤ ቤቱ ሰው አለበት። «እዚያ ውስጥ ሰው ይኖራል እንዴ?» አልኩ ሳላስበው። የስምንት ዓመቷ ልጄ ከሻርፗ ሥር ሆና «ቢቨሮች ናቸው፣ እማዬ» አለችኝ። ጭስም አልነበረም። በክምሩ ውስጥ ተጠጋግቶ የተኛ ቤተሰብ ትንፋሽና የገላ ሙቀት፣ አናቱ ላይ ባለች ክፍተት ወጥቶ ከብርዱ ጋር ሲገናኝ እንፋሎት ይሆን ነበር።

ቀጥላ «ውስጡ ምን ይመስላል?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ጥያቄ በቅጡ ለመመለስ አንድ ዓመት ገደማ ወሰደብኝ።

ቤት ውስጥ የነበሯት የሥዕል መጻሕፍት መልሱን ቀድመው ሰጥተዋታል። በእነርሱ ውስጥ የቢቨር ቤት ጠረጴዛ አለው፤ አልጋ አለው፤ ባለ አበባ መጋረጃ የተሰቀለበት መስኮት አለው፤ ጥግ ላይ ምድጃ ይነዳል። እነዚህን ሥዕሎች አልወደድኳቸውም፤ አሁንም አልወዳቸውም። ቢቨር የሠራው ቤት ራሱ ከየትኛውም ተረት የበለጠ ድንቅ ሆኖ ሳለ፣ የሰው ሳሎን በላዩ መሳል ድካሙን መንጠቅ ይመስለኛል።

ቢቨርን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገር። ከአይጥና ከጃርት ወገን ነው፤ አዋቂው አብዛኛውን ጊዜ ከ16 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናል፤ ጅራቱ እንደ መቅዘፊያ ጠፍጣፋ ነው፤ ዛፍ በጥርሱ ገዝግዞ ይጥላል። የፊት ጥርሶቹ ብርቱካናማ የሆኑት በውስጣቸው ብረት ስላለ ነው። አንደኛው ዓይነት በሰሜን አሜሪካ፣ ሌላኛው በአውሮፓና በእስያ ይኖራል። በሰሜን ሚኒሶታ የሚኖሩት ኦጂብዌ የተባሉት የአገሩ ተወላጆች «አሚክ» ይሉታል።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። በሩ ውሃ ውስጥ ነው፤ ከውጭ አይታይም። ቢቨር በእንጨትና በጭቃ ወንዝ ይገድባል፤ በካናዳ አልበርታ፣ ዉድ ባፋሎ በተባለው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በሳተላይት ምስል የተገኘ ወደ 800 ሜትር የሚጠጋ ግድብ አለ። ሰው ይህን ሲሰማ በርዝመቱ ይደነቃል። እኔን የደነቀኝ ግን ግድቡ የሚሠራበት ምክንያት ነው፤ ይህ ሁሉ ልፋት በአብዛኛው ለበሩ ሲባል ነው። ወንዙ ተገድቦ ውሃው ካልጠለቀ በሩ ይጋለጣል፤ ተኩላና ድብ መግቢያውን ያገኙታል። የብርዱ ወራት ሲመጣ ደግሞ ጥልቀት የሌለው ውሃ እስከ ወለሉ ድረስ በረዶ ሆኖ ይረጋል፤ በሩም ይታሸጋል። ስለዚህ ቢቨር አንድ በር ከበረዶ በታች ክፍት ሆኖ እንዲቆይለት ሸለቆን በሙሉ በውሃ ይሞላል።

ከውሃው ሥር ያለው መግቢያ ወደ ላይ በሚያቀና መተላለፊያ ይቀጥላል። ቢቨሩ እየዋኘ ገብቶ ጭንቅላቱን ብቅ ሲያደርግ ቤቱ ውስጥ ነው። መጀመሪያ የሚያገኘው ከውሃው ጥቂት ብቻ ከፍ ያለ ወለል ነው፤ እዚያ ላይ ጠጉሩን ያራግፋል፣ ይንጠፈጠፋል፣ ይበላል። ከዚያ ከፍ ብሎ ደረቅ መኝታ አለ። ይህን ሳነብ ፈገግ አልኩ፤ እንግሊዝኛው ረዥም ማብራሪያ የሚሰጥበትን ነገር እኛ በአንድ ቃል እንጠራዋለን፤ መደብ ነው። የአያቴ ቤት ግድግዳውን ተከትሎ ከጭቃ የተሠራ፣ አጎዛ የሚነጠፍበት መደብ ነበረው፤ እንግዳ ይቀመጥበታል፣ ሌሊት ልጅ ይተኛበታል። ቢቨር አጎዛ የለውም፤ ጥርሱን ይጠቀማል። እንጨት እየሰነጠቀ፣ እየተለተለ ቀጭን ፍቅፋቂ ያወጣና መደቡ ላይ ያነጥፋል። ሲረጥብና ሲቆሽሽ ሌላ ያዘጋጃል።

የአሠራሩን ነገር ሳውቅ ግን ከመቀመጫዬ ተነሥቻለሁ። እኛ ቤት ስንሠራ ቋሚ እንተክላለን፤ ማገር እናስራለን፤ መካከሉን ባዶ ትተን ዙሪያውን እናቆማለን። ቢቨር በውሃ መካከል ሲሠራ ብዙውን ጊዜ ይህን አያደርግም። እንጨቱንና ጭቃውን በዘፈቀደ የተጣለ እስኪመስል ድረስ ይከምራል። ከዚያ ከውሃው ሥር ገብቶ፣ ክምሩን ከታች ወደ ላይ በጥርሱ እየገዘገዘና በእጁ እየቆፈረ ክፍሉን ከውስጡ ያወጣዋል። ላሊበላን ያየ አንባቢ ነገሩ ይገባዋል፤ እዚያ ያሉት አብያተ ክርስቲያናት ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደራርቦ የተገነቡ አይደሉም፤ ከአለቱ ተፈልፍለው የወጡ ናቸው። ምሰሶ የሚባል ነገር በጎጆው ውስጥ የለም። ጣሪያውን የሚሸከሙት እርስ በርሳቸው የተቆላለፉት እንጨቶች ናቸው።

ይህን ሁሉ በጥንቃቄ ከለኩትና ከሳሉት ሰዎች አንዱ ልዊስ ሄንሪ ሞርጋን ነው። ሞርጋን በኒው ዮርክ ግዛት ሮቸስተር ከተማ የሚኖር ጠበቃ ነበር፤ ይበልጥ የሚታወቀው ስለ ኢሮኳ ሕዝብና ስለ ዘመድ አቆጣጠር ባደረገው ጥናት ነው። የባቡር ሐዲድ ጉዳይ ወደ ሚሺጋን፣ ወደ ሱፒሪየር ሐይቅ ዳርቻ ወሰደው፤ እዚያም የቢቨሮችን ግድብና ጎጆ አይቶ ተማረከ። እ.ኤ.አ. በ1868 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የጎጆዎቹን ወለል፣ ክፍልና መግቢያ እየለካ አስፍሯል። ካስተዋላቸው ነገሮች አንዱ መግቢያዎቹ አንድ ዓይነት አለመሆናቸው ነው። አንደኛው ባለቤቶቹ የሚመላለሱበት ነው፤ ሌላኛው ቀጥ ያለ ነው፤ እንጨት ሳይጠማዘዝና ሳይሰናከል እንዲገባበት ተብሎ የተሠራ። እንደ ቤተሰብ በርና እንደ ማጀት በር ማለት ነው። የሰውን ዝምድና ሲያጠና የኖረ ሰው፣ በዚያው ትዕግሥት የእንስሳ ቤት ወለል ላይ መለኪያ መዘርጋቱ ልቤን ይነካኛል።

ባለፈው ነሐሴ ደግሞ የራሴን ጭንቅላት አስገባሁ።

በጸደይ ጎርፍ ግድቡ የተሰበረበት፣ ውሃው የሸሸበትና ቤተሰቡ ትቶት የሄደ ጎጆ እንዳለ አካባቢውን የሚያውቅ አንድ አዛውንት ነገሩኝ፤ ከልጄ ጋር ይዘውኝም ሄዱ። ኩሬው የነበረበት ቦታ ሣር አብቅሏል። ጎጆው ቁመቴን ይበልጣል፤ በሩ ተጋልጦ፣ ከሥሩ የጠቆረ ቀዳዳ ሆኖ ይታያል። ሰውየው «ማንም እንደሌለበት አይቻለሁ፤ ትከሻሽ ካለፈ ግቢ» አሉኝ። በሆዴ ተኝቼ ባትሪ ይዤ ተሳብኩ። የመተላለፊያው ጭቃ ብዙ ገላ የተሻሸበት ስለሆነ እንደ ተወለወለ ልስላሴ ነበረው። ትከሻዬ አለፈ፤ ከወገቤ በታች ውጭ ቀረ።

ጠባብ ነው። ሁለት ሜትር የማይሞላ ወርድ፤ ከፍታው በእንብርክክ ለመቀመጥ እንኳ የማይበቃ። መጀመሪያ ያየሁት የእንጨቶቹን ጫፎች ነበር። ከውጭ ሲታዩ በየአቅጣጫው የተወረወሩ የሚመስሉት እንጨቶች ከውስጥ በኩል ጫፋቸው በሙሉ እኩል ተቆርጧል፤ ወደ ክፍሉ የሚያፈነግጥና ገላ የሚወጋ አንድም የለም። በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ የጥርስ ጭረት አለ። በጨለማ የተሠራ ነው፤ በዳበሳና በከንፈር። እጄን ግድግዳው ላይ አሳለፍኩ፤ የአያቴን ግድግዳ ስዳብስ የሚሰማኝ ዓይነት ነው፤ ሸካራ ሆኖ የማይጎዳ። መደቡ ላይ የደረቀ ፍቅፋቂ ተነጥፏል፤ መካከሉ ጎድጎድ ብሎ የገላ ቅርጽ ይዟል። ሽታው የእርጥብ አፈር፣ የልጣጭና ከቆዳ ጋር የሚመሳሰል ጣፋጭ ነገር ድብልቅ ነው። የቆሻሻ ሽታ የለውም፤ ቢቨር ውሃ ውስጥ እንጂ ቤቱ ውስጥ አይጸዳዳምና። የተላጠውንም እንጨት በልቶ ሲጨርስ መልሶ ያወጣዋል፤ ለግድቡ ወይም ለጣሪያው ይውላል።

ባትሪውን አጠፋሁት። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ አናቱ ላይ፣ ጭቃ በሌለበት በእንጨቶቹ መካከል፣ የመርፌ ቀዳዳ የሚያህሉ የብርሃን ነጥቦች ታዩኝ። ጥር ላይ እንፋሎቱ የሚወጣው በእንደዚህ ያለ ቦታ ነው። እዚያ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ሰውየው እግሬን ነካ አድርገው «ደህና ነሽ?» እስኪሉኝ ድረስ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሙቀቱ እውነቱን መናገር አለብኝ፤ የሥዕል መጻሕፍቱ አብዝተው የሚያሳስቱት በዚህ ነውና። በብርዱ ወራት የቢቨር ቤት ሞቃት አይደለም። ውጭው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሲደርስ ውስጡ ከዜሮ ብዙም ሳይርቅ ይቆያል፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ካለው ቅዝቃዜ ጋር ይቀራረባል። እሳት የለም። ያለው ጥቅጥቅ ያለ ጠጉር፣ በላዩ የጋገረ ወፍራም ግድግዳ፣ በረዶው የሚጨምረው ተጨማሪ ልብስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሌላው ገላ ነው። አባትና እናት፣ ያለፈው ዓመት ልጆች፣ የዘንድሮዎቹ፤ አራት፣ ስድስት፣ ስምንት ሆነው በዚያ መደብ ላይ ተደራርበው ይተኛሉ። አንዳንዴም መስክራት የሚባለው ትንሽ የውሃ ዳር እንስሳ ገብቶ ከእነርሱ ጋር ይከርማል። በጠጉራቸው ውስጥ ደግሞ ኑሮውን ከቢቨር ጋር ያደረገ ክንፍ አልባ ጠፍጣፋ ጢንዚዛ አለ። ቤቱ ባዶ የሚሆንበት ጥግ የለም።

ቢቨር ብርዱን ተኝቶ አያሳልፍም። በመከር ወቅት የአስፐን፣ የአኻያና የበርች ቅርንጫፎችን እየቆረጠ ከበሩ አጠገብ ውሃ ውስጥ ያከማቻል። ሐይቁ ከረጋ በኋላ ከመደቡ ይወርዳል፣ ከበረዶው ሥር ይዋኛል፣ አንድ ቅርንጫፍ ነክሶ ይመለሳል፣ በታችኛው ወለል ላይ ተቀምጦ ልጣጩን ይበላል። ከንፈሩ ከፊት ጥርሶቹ ኋላ ስለሚገጥም በውሃ ውስጥ ሲነክስ ወደ አፉ ውሃ አይገባም። ጅራቱ ላይ ያጠራቀመው ስብ እየሳሳ ይሄዳል። ለወራት ፀሐይ አያይም።

ስለዚህ ጨለማ ካነበብኩት ሁሉ ያልለቀቀኝ አንድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ በረዶው ከላይ ሲዘጋባቸው የአንዳንድ ቢቨሮች ቀን ከ24 ሰዓት ይረዝማል፤ ወደ 27 ሰዓት ገደማ ይደርሳል። መላው ቤተሰብ አብሮ ይነቃል፣ አብሮ ይተኛል፤ ከፀሐይ ጋር ግን ተለያይቷል። 27ን ይዤ አሰላሁት፤ እኛ 9 ቀን ስንቆጥር እነርሱ 8 ብቻ ኖረዋል። በረዶው ሲቀልጥ፣ ብርሃን ሲያዩ ቀናቸው ተመልሶ ከፀሐይ ጋር ይገጥማል።

ሰዓቱን ከፀሐይ መውጫ ለሚቆጥር ሕዝብ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ወደዚህ አገር የመጣሁት በኅዳር ነው። የመጀመሪያውን ብርድ ያሳለፍኩት ሴንት ፖል ውስጥ፣ አንዲት መስኮቷ ከመሬት እኩል በሆነች ምድር ቤት ነበር። ታኅሣሥ ላይ በረዶው መስኮቷን ሸፈናት። አምስት ነበርን፤ ሁሉም ዘመድ፣ ሁሉም በተለያየ ፈረቃ የሚሠራ። እኔ ሌሊት ሌሊት አረጋውያንን እንከባከብ ነበር። ስገባ ይጨልማል፣ ስወጣ አልነጋም፤ በዚህ አገር በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። እናቴ ስትደውል «እዚያ ስንት ሰዓት ነው?» ትለኛለች። ስልኩን ሳላይ መመለስ የማልችልባቸው ቀናት ነበሩ። የነቃሁት ለማታው ይሁን ለጠዋቱ ለማወቅ የጎኔን ሰው ትንፋሽ አዳምጥ ነበር፤ እገሌ ከተኛ ጠዋት ነው፤ እገሊት ቡና ከቆላች ማታ ነው።

ያንን ምድር ቤት ለብዙ ዓመታት በኀፍረት ነው ያስታወስኩት። ለልጄም አልነገርኳትም ነበር። ከጎጆው ወጥቼ፣ ጭቃዬን እያራገፍኩ በመመለሻው መንገድ ላይ ግን ነገርኳት፤ አምስታችን በሁለት ፍራሽ እንዴት እንደምንተኛ፣ መጨረሻ የገባው መካከል ላይ እንዴት እንደሚደረግ፣ እጁ ስለሚቀዘቅዝ። ብዙ ጠየቀችኝ። ስለ ቢቨሮቹ ከጠየቀችው በላይ።

በጸደይ ማብቂያ፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ፣ የጎጆው ጨለማ ድምፅ ያገኛል። ግልገሎቹ ዓይናቸው ተገልጦ፣ ጠጉራቸው በቅሎ፣ ግማሽ ኪሎ ያህል እየመዘኑ ይወለዳሉ። ጠጉራቸው አየር ስለሚይዝ እንደ ቡሽ ይንሳፈፋሉ፤ መጥለቅ አይችሉም፤ በሩ ደግሞ ከታች ነው። ስለዚህ ቤታቸው ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራሱ ያግዳቸዋል። እናት ታጠባለች፤ አባትና ታላላቆቹ ለስላሳ ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ይዘው ይገባሉ። ዳር ላይ ዝም ብሎ ለቆመ ሰው ከውስጥ የሚሰማው የሕፃን ለቅሶ የሚመስል ስስ ድምፅ ነው። ሁለት ዓመት የሞላቸው ልጆች ደግሞ በዚያው ሰሞን ከቤት ወጥተው ይሄዳሉ። ብዙዎቹ የሚሞቱት በዚህ ጉዞ ነው፤ በሰሜን ሚኒሶታ ተኩላዎች ዱካቸው ዳር አድፍጠው ይጠብቋቸዋል። እነርሱም ውሃ ፈልገው፣ ጓደኛ ፈልገው፣ ከባዶ ይጀምራሉ።

የቢቨርን ቤት ከማንም በላይ ቀርቦ ስለኖረው ሰው ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ግሬይ አውል በሚል ስም የሚታወቀው ሰው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በካናዳ ሳስካችዋን፣ ፕሪንስ አልበርት ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ አጃዋን በተባለ ሐይቅ ዳር በእንጨት ቤት ይኖር ነበር። ቀድሞ ቢቨር በወጥመድ እየያዘ ቆዳ የሚሸጥ አዳኝ ነበር። ባለቤቱ አናሃሬዮ፣ ሞሃውክ ከተባሉት የአገሩ ተወላጆች ወገን የሆነች፣ እናታቸው የተገደለችባቸውን ሁለት ግልገሎች እንዲያሳድግ ለመነችው፤ ከዚያ በኋላ ወጥመዱን ተወ። አጃዋን ላይ ጄሊ ሮልና ራውሃይድ የሚባሉት ቢቨሮች ጎጇቸውን ከሐይቁ ጀምረው እስከ ሰውየው ክፍል ድረስ ሠሩት፤ እኩሌታው ውጭ፣ እኩሌታው በቤቱ ውስጥ። እየጻፈ ሳለ በጎኑ ጭቃና እንጨት እየተሸከሙ ያልፉ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1938 ሲሞት ከአሜሪካ ተወላጆች ወገን ነኝ ማለቱ ሐሰት መሆኑ ታወቀ፤ አርቺባልድ ቤላኒ የሚባል፣ በእንግሊዝ አገር ሄስቲንግስ የተወለደ ሰው ነበር። የሌላውን ሕዝብ ማንነት መልበሱን ትክክል ነው አልልም፤ የተበደሉት የአገሩ ተወላጆች ናቸው። ነገር ግን ለቢቨር ብሎ የገዛ ወለሉን የለቀቀ ሰው እንደነበረ ደግሞ አይካድም።

ባለፈው ኅዳር፣ ሐይቁ ሊረጋ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ከልጄ ጋር ወደ መጀመሪያው ቦታ ተመለስን። ጎጆው ከዳሩ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሳንረብሽ ከቁጥቋጦ ኋላ ሆነን ማየት ቻልን። ፀሐይ ስትጠልቅ አንድ ትልቅ ቢቨር ከውሃው ወጣ። ጭቃውን በጅራቱ ይሸከማል የሚለው ወሬ እውነት አይደለም። ደረቱ ላይ በሁለት እጁ አቅፎ፣ በአገጩ ደግፎ፣ በኋላ እግሮቹ ቆሞ እንደ ሰው ሽቅብ ተራመደ። ግድግዳው ላይ አኖረው፤ በእጆቹ ገፋ ገፋ አደረገው፤ ተመልሶ ጠለቀ። ብዙ ጊዜ ተመላለሰ። ይህ ጭቃ ሲጋገር እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል፤ የተኩላ ጥፍር አይበሳውም።

እናቴ ከዝናቡ ወራት በኋላ ቤታችንን ስትመርግ እንዲሁ ነበረች፤ ጭድና ጭቃውን ረግጣ ታቦካና በመዳፏ ትለጥፈዋለች፤ የጣቶቿ መስመር እስከሚቀጥለው ምርጊት ድረስ ግድግዳው ላይ ይቆያል። ይህን ለልጄ በሹክሹክታ ነገርኳት። እርሷ ግን የምታየው ሌላ ነበር።

«እማዬ፣ እዚያ ላይ ረስቶታል» አለችኝ። አናቱን ነው የምታሳየኝ። ከታች ጀምሮ ሁሉም ተመርጓል፤ አናቱ ላይ ብቻ እንጨቶቹ ራቁታቸውን ናቸው።

«አልረሳውም» አልኳት። «ጥር ላይ መጥተን እናየዋለን።»